ቀይ ጨርቅ ያሰርኩባት አኻያ

ቦንጋ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ገበያ ብወጣ፣ ቤተ ክርስቲያን ብሳለም፣ ጸጉሬን ልቆረጥ ብቀመጥ፣ «ኦስሎ እንዴት ናት?» የማይለኝ ሰው የለም። መመለስ ስጀምር ደግሞ የሚሰማኝ የለም። ሰዉ መስማት የሚፈልገው ስለ ፎቁና ስለ በረዶው ነው። እኔ አሥር ቀን ሙሉ ያየሁት አንድ ዛፍና ጭብጥ የማትሞላ ወፍ ነው። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈውና ልገላገል።

ለምን ሄድኩ? ጡረታ እስክወጣ ድረስ በግብርና ቢሮ የንብ ባለሙያ ነበርኩ። ታናሽ እህቴ አስቴር ኦስሎ ከገባች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ልጇ ብሌንም እዚያው ተወለደች። ብሌን በዘጠኝ ዓመቷ፣ በገና ዕረፍት፣ እኛ ቤት መጥታ ነበር። ደጃፌ ላይ ያለው ቆርች ያኔ በቀይ አበባ ተሸፍኖ ነበርና፣ ቆልመም ባለ ቀጭን መንቆሯ ከአበባው ውስጥ ወለላ የምትመጥጠውን ትንሿን የጫካ ወፍ አሳየኋት። ወለላ ስል ንቦች ማር የሚሠሩበትን የአበባ ጣፋጭ ውሃ ማለቴ ነው። ልጅቷ ከዛፉ ሥር አልነሳም ብላ ምሳ እንኳ እዚያው ወጣላት። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስልክ ደወለችና፣ «አጎቴ፣ እዚህም ወለላ የሚጠጣ ወፍ አለ። የማስተር ጽሑፌ በእሱ ላይ ነው። መጥተህ እይልኝ» አለችኝ። ወፏ መስኮቴ ላይ እያለች እሷን ለማየት ፈረንጅ አገር? አልኩ። አስቴር ግን ከኋላዋ ሆና «ጋሼ፣ እባክህ» ስትል ሰማኋት። ሄድኩ።

እሑድ

በአውቶቡስ ተነሳሁ። ባለቤቴ ወይንሸት የሻንጣዬ እጀታ ላይ ከአሮጌ መጋረጃ የቀደደችውን ቀይ ጨርቅ አሰረችልኝ። «ጥቁር ሻንጣ የያዝከው አንተ ብቻ አይደለህም፤ በዚህ ትለየዋለህ» አለች። የሙሽራ ሻንጣ አስመሰልሽው ብዬ ተነጫነጭኩ። አንባቢ ይህን ጨርቅ እንዳይረሳብኝ፤ በኋላ ያዋረደኝ እሱ ነው።

ሁለት ኪሎ የገተም ማር፣ ያንን ነጩን፣ ሻንጣ ውስጥ ይፈስብኛል ብዬ በእጄ ያዝኩ። ጅማን አልፈን ጎማ ተነፈሰና ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ዳር ቆምን። ረዳቱ ጎማ በመቀየር ፈንታ እንዴት እንደሚቀየር ለተሳፋሪው ሲያስረዳ ዋለ። አዲስ አበባ ገብቼ የወይንሸት ዘመዶች ጋ አደርኩ።

ሰኞ

አውሮፕላን ማረፊያው ፍተሻ ላይ አንዲት ወጣት «አባባ፣ ይሄ አያልፍም፤ ፈሳሽ ነው» አለችኝ። የገተም ማር የረጋ እንጂ ፈሳሽ አይደለም ብዬ አስረዳኋት። ስለ ማር ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልጅቷ ግን ሕጉ ነው አለች። ተጥሎ ከሚቀር ብዬ ክዳኑን ከፈትኩና ከኋላዬ የተሰለፈውን ሁሉ አቃመስኩ። ሁዳዴ ነው፣ ማር ደግሞ አያስገድፍም፤ ማንም አላፈረም። አንድ ጎረምሳ ሦስት ጊዜ በጣቱ ዛቀ። ለእህቴ ያልኩትን ማር የማላውቀው ሰው ጨርሶልኝ ባዶ እጄን ተሳፈርኩ። ውስጥ ገብቼ ደግሞ የጾም ምግብ አለ የተባልኩት አለቀ ተባለና ዳቦና ብርቱካን በልቼ ተኛሁ።

ማክሰኞ

ኦስሎ ስወርድ ሻንጣዬ በቀይ ጨርቁ ከሩቅ ተለየልኝ። ወይንሸትን በሆዴ ይቅርታ ጠየቅኳት። አስቴር አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ብሌን ግን ቁመቷ ከእኔ በልጦ፣ «አጎቴ፣ አንተ በዚህ ስስ ልብስ ነው የመጣኸው?» ብላ ጃኬት ጫነችብኝ። አንተ! በስልክ ስትለኝ ችዬው ነበር፤ ስልሳ አራት ዓመቴ ነው። እኔ አጎቴን እርስዎ እያልኩ ነው ያደግኩት። አስቴር ፊቴን አየችና «እዚህ የተወለዱት ሁሉም እንዲሁ ናቸው፣ ጋሼ፤ ክፋት የለባትም» አለች። ክፋት አለባት አላልኩም።

ቤታቸው ቫይትቬት የሚባል ሰፈር ነው። ፎቆቹ አጫጭር ናቸው፣ ከኋላቸው ዳገት፣ ከዳገቱ በላይ ጫካ። ደረጃው ላይ ላገኘሁት ሁሉ ጎንበስ ብዬ ሰላም አልኩ። የሦስተኛ ፎቅ ሴትዮ ቁልፏን እያየች አለፈችኝ። ቦንጋ ቢሆን ይህ ሽማግሌ የሚያስቀምጥ ጠብ ነው። መልስ የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አቦይ ኢድሪስ ይባላሉ፣ የከረን ሰው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ስለኖሩ አማርኛው አልጠፋቸውም። «እንኳን ደህና መጣህ፣ ሓወይ። ሰላምታህን ቆጥብ፤ እነዚህ ሰዎች ሲሞቃቸው ነው የሚያወሩት» አሉኝ። ሓወይ በትግርኛ ወንድሜ ማለት ነው።

ቤት ውስጥም አላረፍኩም። የምግብ ትራፊ በአረንጓዴ ፌስታል፣ ፕላስቲክ በሰማያዊ ይጣላል። የብርቱካን ልጣጭ በሰማያዊው ጣልኩና ብሌን በሁለት ጣቷ አውጥታ ቦታው መለሰችው። ፀሐይዋ ደግሞ መግቢያዋን ረስታለች። እራት በልተን ጨርሰን ውጪው ቀን ነው። እንቅልፌ በየት በኩል ይምጣ?

ረቡዕ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብሌን እግሬን ነቀነቀችኝ። «አጎቴ፣ ተነስ። ሲርባቸው ነው የሚመጡት።» እኔም ርቦኝ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን የለም።

ከፎቁ ጀርባ፣ ዳገቱ ሥር፣ አንዲት ዛፍ አለች። ገና ቅጠል አላወጣችም፤ ቅርንጫፎቿ ላይ ግን እንደ ጫጩት ላባ የለሰለሱ ቢጫ የአበባ ጉጦች ሞልተዋል። ቀረብ ብዬ አየኋትና ደነገጥኩ። የወንዝ ዳር አኻያችን ዘመድ ናት። ንብ የሚያውቅ ሰው አኻያን አይስታትም። እዚያ ብርድ ውስጥ ከአስቴር ቀጥሎ የማውቃት እሷ ብቻ ሆነች።

ለአንድ ሰዓት ያህል ቆምን። የእግሬ ጣቶች አሉ ወይስ የሉም ብዬ ጫማዬ ውስጥ አንቀሳቀስኳቸው። ብሌን ጣቷን አንስታ «ቬንት» አለች፤ ጠብቅ ማለት ነው። ከዚያ መጣች። ሰማያዊ ቆብ፣ ነጭ ጉንጭ፣ ዓይኗ ላይ የተሰመረ ጥቁር መስመር፣ ቢጫ ሆድ። ውበቷን አልክድም። መንቆሯ ግን የግማሽ ሽምብራ ያህል ነው። በዚህ ወለላ? የእኛዋ ወፍ መንቆሯ ከአበባው ጉሮሮ ጋር ተለክቶ የተሰፋ ነው፤ ይህችኛዋ ቅርንጫፉ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥላ ጉጡን በእግሯ ይዛ መንቆሯን ትነክርበታለች። ቀና ስትል ፊቷ በአበባው ብናኝ ቢጫ ሆኗል፤ ሽሮ የተደፋበት ሕፃን መሰለችኝ።

«ቡሎሜይስ ነው የሚሏት» አለች ብሌን። «ክረምቱን ሰው የሚሰቅልላትን ስብና ሱፍ ትበላለች። በጋ ላይ አባጨጓሬ ትለቅማለች፤ ጎጆዋ የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። በመሃል ግን፣ አሁን፣ ምንም የለም። ስቡ አልቋል፣ አባጨጓሬው አልተፈለፈለም።»

ይህን እንኳ አውቀዋለሁ። እኛም ዘንድ አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ያልደረሰበት ወር አለ።

«ታዲያ ችግርሽ ምንድን ነው? ስትጠጣ አየናት።»

«ቫይለደሬ አያምንም።» ጽሑፏን የሚመራት መምህር ማለቷ ነው። «አበባው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ልትለቅም ነው የምትመጣው ይላል። ወለላውን እንደምትፈልግ በዚህ አበባ ካላሳየሁ ሌላ ዓመት መጠበቅ አለብኝ። አበባው ደግሞ አሥር ቀን ቢቆይ ነው።»

«ሌላ አኻያ የለም?»

«ያ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። «ጫካው ውስጥ አለ። ግን አበባው ሰማይ ላይ ነው፤ አይደረስበትም። ይቺ ብቻ ናት እጄ የሚደርስባት። እነሱም ለምደውኛል።»

ለካ የጠራሽኝ ወፍ ለማየት ሳይሆን ለመመስከር ነው አልኩ በሆዴ። ቁርስ ላይ አስቴር ቡናማ አይብ ቆርጣ አቀረበችልኝና ጾሜን አስታወሰች፤ ማርማላታ ተሰጠኝ።

ሐሙስ

ሲነጋ እንደገና ብርድ ውስጥ ቆምን። ራሴን ሁለት መቶ ጊዜ ጠይቄው ሊሆን ይችላል፤ ሰው እንዴት ለአንዲት ወፍ እንዲህ ይንቀጠቀጣል? ማታ ግን እራት ላይ አንድ ነገር መጣልኝ። እኛ አንድ አበባ ምን ያህል ወለላ እንደሚሰጥ ልናውቅ ስንፈልግ ንብ እንዳይነካው ሸፍነን እናሳድረዋለን። «ነፍሳቱ ነው ካለሽ ነፍሳቱን ከልክይው» አልኳት። «ዛሬ ሳይመሽ ነፍሳቱን በላባ አራግፈሽ ቅርንጫፉን በስስ ጨርቅ ሸፍኝው። ነገ ስትገልጪው ወለላው ሞልቶ ታገኚዋለሽ፣ ነፍሳት ግን የሉበትም። ወፏ ከመጣች ምን ፈልጋ ነው የመጣችው?»

ብሌን ማንኪያዋን አስቀመጠችና አየችኝ። «አጎቴ፣ ይሄን ለምን ትናንት አልነገርከኝም?»

ማን ጠየቀኝ? አስቴር ያረጀ ነጠላዋን አውጥታ በመቀስ ቆረጠችው። በመስኮት ስናይ አኻያዋ ነጭ ፋሻ እንደተጠመጠመላት ቁስለኛ ሆናለች።

ዓርብ

ነጠላውን ገለጥን። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ወፎች መጡ፤ ካልተሸፈነው ቅርንጫፍ አልፈው በቀጥታ በተገለጠው ላይ ተንጠለጠሉ። ብሌን ትንፋሿን ውጣ በጣቷ ትቆጥራለች። ሲሄዱ ትከሻዬን መታችኝ፤ አጎት ትከሻው ይመታል? እኔ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ሙያዬ ለሰው የጠቀመ መስሎኝ ደስ አለኝ። «አንድ ጊዜ አይበቃም» አለች። «ሌላ አራት አምስት ቀን እፈልጋለሁ።» ነጠላዎቹን ማታ ልታጥባቸው ይዛቸው ገባች።

ከሰዓት አቦይ ኢድሪስ የደረጃው በር ላይ ወረቀት ለጠፉ። ነገ ዱግናድ ነው። ዱግናድ ማለት የፎቁ ነዋሪ በሙሉ ወጥቶ ግቢውን የሚያጸዳበት ደቦ ነው፤ አግዳሚ ወንበር ይቀባል፣ ቅጠል ይጠረጋል፣ የደረቀ ቁጥቋጦ ይቆረጣል። መጨረሻውን፣ ስለሚቆረጠው የሚለውን፣ ብሌን ስታነብልኝ ዞሬ ወደ አኻያዋ አየሁ።

«ዛፏስ?»

«ናይ» አለች፤ አይ ማለቷ ነው። «አትጨነቅ። ለስቲሬው ኢሜይል ልኬያለሁ።» የነዋሪዎቹን ኮሚቴ ስቲሬ ይሉታል።

«መለሱልሽ?»

«ይመልሳሉ።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ዛፍ በኢሜይል ሲጠበቅ አላየሁም። በኛ ጫካ ቀፎ የሰቀልንበት ዛፍ ግንዱ ላይ ምልክት ይታሰርበታል፤ መጥረቢያ የያዘ ሰው የታሰረ ዛፍ ሲያይ ዞሮ ያልፋል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ባያውቅ እንኳ አይነካውም። ማንም ሳያየኝ ቀዩን ጨርቅ ከሻንጣዬ ፈታሁና የአኻያዋን ግንድ በሁለት ዙር አጥብቄ አሰርኩት። ለብሌን አልነገርኳትም። ስጨቃጨቅባት ሰንብቼ አሁን ደግሞ ዛፍሽን ጠበቅኩልሽ ማለት አሳፈረኝ።

ቅዳሜ

ብሌን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ውስጥ ስለምትሠራ ወፎቹን በመስኮት ብቻ አይታ በማለዳ ወጣች። አስቴር ለዱግናዱ ሰዎች ምግብ ታዘጋጃለች። ቤት ውስጥ ያለው የጤፍ ዱቄት አልቋል፤ እኔ ደግሞ አምስት ቀን ሙሉ ዳቦ በማርማላታ በልቼ ሆዴ አኩርፏል። ግሮንላንድ የሚባል ሰፈር የሐበሻ ሱቅ አለ አሉ። ልሂድ አልኩ። አስቴር «ብቻህን?» ስትል ተቆጣሁ። ከቦንጋ የመጣሁት ማን ይዞኝ ነው? ዱግናዱ የሚጀመረው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ተመልሼ ዛፏ ሥር እቆማለሁ ብዬ ነበር ያሰብኩት።

መሄዱን ሄድኩ። ከመሬት በታች የሚሄደው ባቡር አደረሰኝ፣ ጤፉን ገዛሁ፣ ሱቁ ውስጥ በርበሬ ሲሸተኝ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። ስመለስ ግን በዚያው በር ገብቼ የመጣውን የመጀመሪያ ባቡር ተሳፈርኩ። እኛ አገር ታክሲ ሲመጣ ረዳቱ ጮኾ ይነግርሃል። እዚያ ባቡሩ ዝም፣ ሰዉ ዝም። ሀዲዱ የሚከፈልበት ቦታ እንዳለ ማን ነገረኝ? ስወርድ ሄልስፊር የሚባል ቦታ ነኝ፤ በመስታወት የተለበጡ መሥሪያ ቤቶች፣ ቅዳሜ ስለሆነ አንድም ሰው የሌለባቸው። ጤፉን ተሸክሜ የአውቶቡሶቹን መቆሚያ ሁለት ጊዜ ዞርኩት። በመጨረሻ ለአንዲት ሴት አስቴር የጻፈችልኝን አድራሻ አሳየኋት። አልተናገረችም፣ ፈገግም አላለችም። የጤፉን ከረጢት አንዱን ጆሮ ያዘችና ከእኔ ጋር እስከ ባቡሩ ወረደች፣ አብራኝ ተሳፈረች፣ መቀየሪያው ጣቢያ ላይ ወደ ትክክለኛው አስገባችኝ፣ ከዚያ ወደ መጣችበት ተመለሰች። ስሟን እንኳ አላውቅም። ተመስገን ብዬ ሰዓቴን ሳይ ሰባት ሰዓት ሆኗል።

ከፎቁ ጀርባ ስዞር ሰዉ ፊት ለፊት ተሰብስቦ እየበላ ይስቃል። አኻያዋ የለችም። ጉቶዋ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ቅርንጫፎቿ አጥሩ ሥር ከነአበባቸው ተከምረዋል። ቀዩ ጨርቅ መጋዙ አጠገብ ወድቋል።

አቦይ ኢድሪስ ጓንታቸውን እያወለቁ መጡ። «ሓወይ፣ የት ጠፋህ? የታሰሩትን አራቱንም ጨረስን።»

«የታሰሩትን?»

«የሚቆረጡትን ጠዋት በቀይና ነጭ ጥብጣብ ሦስቱን አሰርኩ፤ የደረቁትን። አራተኛ ታስሮ ሳይ የኮሚቴው ሊቀመንበር ጨምሮበታል አልኩ። ወላሂ፣ አበባ ላይ እያለች ምነው ብያለሁ። ግን የታሰረ ታሰረ።»

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚሉት ለካ ለዚህ ነው። የፈሩት ይደርሳል፤ እኔ ግን የፈራሁትን በገዛ እጄ፣ በሁለት ዙር፣ አጥብቄ አስሬ አመጣሁት። ጤፉን መሬት ላይ አስቀምጬ ጉቶዋ ላይ ተቀመጥኩ። ያሰርኩት እኔ እንደሆንኩ ስነግራቸው አቦይ ኢድሪስ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

ብሌን አሥር ሰዓት ላይ መጣች። ከአስቴር አፍ ከምትሰማ ብዬ በሩ ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ምልክቱን፣ የኛን ጫካ፣ ሄልስፊርን። እየተንተባተብኩ። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር። ወደ ጉቶው ሄደች፣ አየችው፣ ተመለሰች።

«ኢሜይሉን ዛሬ ጠዋት መልሰውልኝ ነበር» አለች። «እሺ ብለው።» ከዚያ ቀስ ብላ፣ «እርስዎ ይረፉ። ደክሞዎታል» ብላ ክፍሏ ገባች። ስመኘው የሰነበትኩት አክብሮት መጣልኝ፤ እንደዚያ ቀን የከፋኝ ቀን ትዝ አይለኝም።

እሑድ

ቅዳሴ ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ቅርንጫፎቹ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አጥሩ ሥር ሄጄ አንዱን አነሳሁ። አበባው አልጠወለገም፤ እዚያ ያለው ብርድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመኝ። አኻያ ደግሞ ግትር ናት፤ ውሃ ካገኘች ተቆርጣም አበባዋን ትጨርሳለች፣ ሥር እንኳ ታወጣለች። የብሌንን በር አንኳኳሁ።

«ባልዲ አላችሁ?»

«ለምን?» አለች። ዓይኗ አብጧል።

ነገርኳት። መልስ ሳትሰጥ ጃኬቷን ለበሰች። ቤት ውስጥ ያለው ባልዲ ሁለት ነው። አቦይ ኢድሪስ ሰሙና የየቤቱን በር እያንኳኩ ወጡ፤ በኖርዌጅኛ ምን እንዳሉ አላውቅም። ትንሽ ቆይቶ ሰዎች ይወርዱ ጀመር። አንዱ የቀለም ቆርቆሮ፣ አንዷ የሕፃን መታጠቢያ። መጨረሻ ላይ ያቺ ቁልፏን እያየች ያለፈችኝ የሦስተኛ ፎቅ ሴትዮ ጎማ ያለው ቢጫ የወለል ማጠቢያ ባልዲ እየገፋች መጣች። ከጉቶው አጠገብ አቆመችው፣ ውሃ እስከ አፉ ሞላችው፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ገባች። ዘጠኝ ባልዲ ሆነ። የቅርንጫፎቹን ጫፍ ውሃ ውስጥ እንዳለ እንደገና ቆረጥኩ፣ ጉቶውን ከብበን አቆምናቸው፣ የታጠበውን ነጠላ አለበስናቸው። ከሩቅ ሲያዩት የልቅሶ ቤት ይመስላል።

ሰኞና ማክሰኞ

ምንም። በማለዳ ነጠላውን እንገልጣለን፣ እንቆማለን፣ ወፎቹ ከጫካው ጫፍ ይጮኻሉ፣ አይመጡም። ማክሰኞ ደግሞ ዝናብና በረዶ ተቀላቅሎ ወረደ። በሚያዝያ! ብሌን ስለ ሥራው ብቻ ታናግረኛለች። «ያንን ይያዙልኝ፣ ይሄን ያዙሩልኝ።» ማታ አስቴርን ትኬቴን እናሳጥረው አልኳት። «አጥፍተህ ልትሸሽ ነው?» አለችኝ። ትኬቱን መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ረቡዕ

ወደ ባልዲዎቹ የሄድኩት ለብሌን እፍረቴን ላለማሳየት ነው እንጂ ተስፋ አልነበረኝም። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች። የመጨረሻውን ነጠላ ስገልጥ እጄ ላይ የተጣበቀውን ቀመስኩት። ጣፋጭ ነው። እኔ ገና ጣቴን ከአፌ ሳላወጣ ወፏ ቢጫው ባልዲ ላይ ባለው ቅርንጫፍ አረፈች። ተገለበጠች፣ ጉጡን በእግሯ ጨበጠች፣ መንቆሯን ነከረች። ሁለተኛዋ መጣች። ብሌን እጅጌዬን ያዘች፤ ወረቀቷ ላይ መጻፉን ትታ በኖርዌጅኛ በሹክሹክታ ትቆጥራለች። ፊታቸው ቢጫ ሆኖ ወደ ጫካው ሲመለሱ የያዘችውን እጅጌ አልለቀቀችም።

«አየህ?» አለችኝ።

አየሁ። ዓይኔን ግን ብርዱ ነው ብዬ ጠረግኩ።

ሐሙስም መጡ፣ ዓርብ እኔ በምነሳበት ቀን ጠዋትም መጡ። ሐሙስ ከሰዓት መምህሩ ደወሉላት። ጥሩ ነው፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ ግን በሚቀጥለው ዓመት በቆመ ዛፍ ይደገም አሉ። ስልኩን ስጪኝ፣ እኔ ላናግራቸው አልኳት። አቦይ ኢድሪስ ሳቁብኝ። ብሌን ግን አላዘነችም፤ «አንድ ዓመት ነው እኮ፣ አጎቴ» አለች። ከባልዲዎቹ የአንዱን ቅርንጫፍ አውጥታ ጫፉን አሳየችኝ። ነጫጭ ነጥቦች አብጠውበታል፤ ሥር ሊሆኑ ነው። እሷን ከጉቶው አጠገብ ተከልናት። አቦይ ኢድሪስ መለያ ሊያስሩባት ጥብጣብ ሲያወጡ ብሌን እጃቸውን ያዘች።

ዓርብ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኙኝ። ቦንጋ ስደርስ ነው ያየሁት፤ ቀዩ ጨርቅ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የሻንጣዬ እጀታ ላይ ታስሯል። ወይንሸት «ከኔ ቋጠሮ ይጠብቃል፤ ማን አሰረው?» አለችኝ።

በማግስቱ ፈትቼ ደጃፌ ያለው ቆርች ላይ አሰርኩት፤ ብሌን በዘጠኝ ዓመቷ ምሳዋን ከሥሩ የበላችበት ላይ። እዚህ የታሰረ ዛፍ የሚነካ ሰው የለም። ሆኖም ቋጠሮውን ስጨርስ ግራና ቀኝ አየሁ፣ ከዚያ ወንበር አውጥቼ ሥሩ ተቀመጥኩ።